ከሜዳ የወጣችው ኳስ

እንዳልክን ያገኘሁት ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ከተማ ሃቫና ስትሪት ላይ፣ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው። ሁለታችንም አንድ የድሮ ቪዲዮ ጌም ማሽን ይዘን አንለቅም ተባባልን።

«ምን ልታደርጊበት ነው?» አለኝ።

«መደርደሪያ ላይ ላስቀምጠው። ያምራላ!»

«እኔ የቤዝቦል ጌም ልሠራበት ነው።»

ሳቅኩበት። እሱ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑን ሰብሮ ጠበቀኝ። ማሽኑን ያስለቀቀኝ ያ ትሕትናው ይመስለኛል።

ኮሜርስ ሲቲ የሚባል አካባቢ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲጭን ይውላል። ከሥራ በኋላ ዴንቨር ሴንትራል ፓርክ ላይብረሪ እየተገናኘን ጨዋታውን አብረን መሥራት ጀመርን። ኮዱን የሚጽፈው እሱ ነው፤ ድምፁ ለእኔ ተሰጠኝ። የቤዝቦል ጌም መጀመሪያ ሲወጣ እንደነበረው ሁሉ፣ ተጫዋቾቹ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ናቸው። የተመልካቹ ጩኸትማ ሽንኩርት የሚቁላላ ነበር የሚመስለው። አንድ ቀን ሁለት ቀጫጭን ድምፆች ቶሎ ቶሎ ሳፈራርቅ እልልታ ሆኖ ቁጭ! እንዳልክ ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየቱን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይሞቃል።

«ኳሷ ከሜዳ በወጣች ቁጥር ይኼ ይሰማል» አለ። ቤዝቦል ላይ በዱላ የተመታች ኳስ ከሜዳ ከወጣች ትልቁ ነጥብ ያ ነው። ቀጥሎም፣ «ኑኃሚን፣ ጨዋታው ይውጣና ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ። ባዶ እጄን አልመጣም» አለኝ።

ጨዋታው ወጣ። ዴንቨር ውስጥ የአሮጌ ጌም ወዳጆች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ሰው ተሰልፎ ሞከረው። መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ከዚያ ይሳሳቁ ጀመር። ኳሷ ነካ ከተደረገች ከሜዳ ትወጣለች። ምክንያቱን የነገረን ከቺካጎ የመጣ አንድ ሰውዬ ነው። ዴንቨር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ኳስ ከሌላው አገር ይልቅ ርቃ ትበራለች። እንዳልክ ደግሞ ቤዝቦል ያየው እዚሁ ብቻ ስለሆነ የትም እንዲህ የምትበር መስሎታል። ኢንተርኔት ላይም «ዓይን ጨፍነው የሚያሸንፉት ጌም» ብለው ተሳለቁበት።

«ኳሷን ላስተካክልና በሚቀጥለው ዓመት...» ብሎ ጀመረ ፓርኪንግ ውስጥ።

«ሽማግሌውስ?»

ጎንበስ ብሎ ማሽኑን መኪናው ውስጥ አስገባ። በገንኩ።

«እኔ የወደድኩት አንተን እንጂ ኳሷን አይደለም! አሁን ካልላክህ ተወው፤ በቃ!»

ቅዳሜ ጋሽ በድሉ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ከአንድ ወዳጃቸው ጋር ኦሮራ ቤታችን መጡ። ልማዱ ነውና እንዳልክ አልገባም፤ መኪናውን ማዶ ፓርክ አድርጎ በረዶ ይወርድበታል። እኔም ጓዳ መቀመጥ ነበረብኝ።

«ልጁ ምን ይሠራል?» አለ አባቴ።

«መጋዘን ነው የሚሠራው» አሉ ጋሽ በድሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አባቴ ሲኒውን ኳ አድርጎ አስቀመጠ። ፈራሁ። ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ዘልዬ ወጣሁ።

«ጌምም ይሠራል!» አልኩና እንዳልክ እኔ ጋ የተወውን ማሽን ከቲቪው ጋር አገናኘሁት። «አባዬ፣ እስቲ ምታት!»

አባቴ በሕይወቱ ቤዝቦል ነክቶ አያውቅም። በድፍረቴ ደንግጦ ይመስለኛል፣ ቁልፏን ተጫናት። ኳሷ በረረች፤ ከሜዳ ወጣች። እልልታው ቤቱን ሞላው። ጓዳ የነበረችው እናቴ ነገሩ ያለቀ መስሏት የራሷን እልልታ አቀለጠችው። ሽማግሌዎቹም ብድግ ብለው «እግዚአብሔር ይስጥልን!» እያሉ የአባቴን እጅ ይጨብጡ ጀመር።

«ኧረ እኔ ገና ምንም አላልኩም!» ይላል አባቴ። ማን ይስማው? በመጨረሻ እሱንም ሳቅ አሸነፈው። ሳቁ ሲበርድለት ወደ እኔ ዞረ። ሽማግሌ ፊት ሴት ልጅ አትጠየቅም፤ አባቴ ግን ጠየቀኝ።

«ትወጂዋለሽ?»

«እወደዋለሁ አባዬ» አልኩ።

«እንግዲያው ጥሪው።»

ጫማ ሳላደርግ በረዶው ላይ ሮጥኩ።