ዳቦ የተወው ልጅ

«ለእኔ አትቁረሺ፣ እማ» አለ ደግሰው።

እናቱ አሰለች ቢላዋውን ዳቦው ላይ እንዳሳረፈች ቀና ብላ አየችው። «ገና ትኩስ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«አሞሃል?»

«አላመመኝም። ዝም ብዬ ነው።»

ሌላ አልጠየቀችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ አሰለች ብዙ መጠየቅ ትታለች። ዳቦውን መልሳ በጨርቅ ሸፈነችና ሽሮውን ወደ እሱ አስጠጋችለት። ደግሰው ሽሮውን በማንኪያ በላ። ያን ቀን እሷ ምን እንደበላች አላየም።

አሰለች የምትተዳደረው ድፎ ጋግራ ነው። በላሊበላ ለሰንበቴ፣ ለማኅበር ወይም ለተዝካር ዳቦ የሚፈልግ ሰው የሚመጣው ወደ እሷ ነበር። ደግሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ያደገው በዚያ ዳቦ ነው፤ ጠዋት ቁራጩን፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዳሩን፣ ማታ ደግሞ የተረፈውን። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ የስፖርት ሸሚዙ ሆዱ ላይ አልደርስ አለው። አንድ ቀን ከፍታ ዝላይ ሲዘል ገመዱን ይዞት ወደቀና ከኋላ አንዱ «ድፎው ተገለበጠ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቀን በኋላ ስሙ ድፎ ሆነ። ስድብ ቢሆን ይችለው ነበር። የከበደው በእናቱ ሥራ መጠራቱ ነው።

መላውን ያመጣው ጓደኛው ቃለሕይወት ነው። ወንድሙ አስጎብኚ ስለሆነ የወንድሙን አሮጌ ስልክ ወርሶ ሆቴሎቹ አጥር ሥር እየተቀመጠ ኢንተርኔት ይጎረጉራል።

«ጀለስ፣ ጠላትህ ተገኘ» አለው አንድ ቀን ስልኩን አፍንጫው ሥር ደቅኖ። «ካርቦሃይድሬት ይባላል።»

እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየታገዙ አነበቡት። ዳቦ፣ እንጀራ፣ ድንችና ስኳር የሚቀንስ ሰው ስቡን ያቃጥላል፣ በስፖርት ካልሰነፈ ጡንቻው ይወጣል፣ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳርም ከፍ ዝቅ አይልም ይላል። በምትኩ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ቅጠላ ቅጠልና ለውዝ። ችግሩ ሁዳዴ ገብቶ ነበር።

«እንቁላሉና ሥጋው እስከ ፋሲካ ይጠብቅሃል» አለ ቃለሕይወት። «እስከዚያ ጎመንና ሽምብራ። ሽምብራም ትንሽ አለበት ይላል፣ ግን እንደ ዳቦ አይደለም።»

ስፖርቱን ደግሰው ራሱ ፈለገው። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ወደ አሸተን ማርያም በሚወስደው ዳገት ይሮጣል። አባቱ በሕይወት ሳለ በቅሎውን እየሳበ እንግዶችን ሽቅብ የሚያወጣው በዚሁ መንገድ ስለነበር ደግሰው ድንጋዩን ሁሉ ያውቀዋል። በቁምጣ ወደ ገዳም አቅጣጫ መሄድ ግን ነውር ነው፤ መንገዱ ላይ ቄስ አለ፣ አስቀዳሽ አለ። ስለዚህ የአባቱን ነጠላ ከላይ ይደርባል። ዳገቱ ወገብ ላይ ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲደርስ ነጠላውን ወገቡ ላይ ያስርና ፊቱን ወደ ተራራው አድርጎ ፑሽ አፕ ይሠራል።

እንግዲህ በሁዳዴ፣ በጠዋት ጭጋግ፣ ነጠላ ያሸረጠ ልጅ ፊቱን ወደ ማርያም አድርጎ ሲወድቅና ሲነሳ ከሩቅ ያየ ሰው ምን ያስባል?

ያየችው ጎረቤታቸው እትዬ ሰርክአዲስ ናት። በማግስቱ ደግሰው በደጇ ሲያልፍ ከመደቧ ብድግ ብላ «እንደምን አደሩ?» አለችው። ደግሰው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ተመለከተ። ማንም አልነበረም።

«እኔን ነው?»

«ታዲያ ማንን ነው? ስግደትዎን አይቻለሁ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዳቦም እንደተዉ እናትዎ ነግራኛለች። በጸሎትዎ አይርሱኝ፣ ወገቤ ይዞኛል።»

የዚያን ጊዜ መናገር ነበረበት። አፉን ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ይህች ሴት ባለፈው ሳምንት «አንተ ወፍራም፣ በጉን ከጎመኔ አታስወጣውም?» ብላ የጮኸችበት ሴት ናት። አሁን ቆማ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አንቱ ትለዋለች። ደግሰው አንገቱን ደፍቶ አለፈ። አንገቱን መድፋቱን ደግሞ ትሕትና ብላ ተረጎመችው።

ወሬው ቀኑን ሙሉ ዞረ። የአሰለች ልጅ ሊመንን ነው ተባለ። ቃለሕይወት ሲሰማ ሆዱን ይዞ ከሳቀ በኋላ እንዳይናገር መከረው፤ ፑሽ አፕ ነው ቢል ማንም እንደማያምነውና ቢያምኑትም ወሬው እስከ ሙጃ ገበያ እንደሚደርስ ነገረው። «ይልቅ ሙዱን ያዝ፤ መነኩሴን ድፎ ብሎ የሚጠራ ሰው አይቼ አላውቅም» አለው።

እውነቱን ነበር። ድፎ ብለው የሚጠሩትን ልጆች እናቶቻቸው ገሠጿቸው። እናቱ ውኃ ቅዳ ማለቷን ተወች፤ እንጨቱንም ራሷ ትፈልጥ ጀመር። ደግሰውን መጀመሪያ ትንሽ ጎረበጠው፣ ቀጥሎ ለመደው።

ገበታውም ተለወጠ። ከፊቱ ዳቦ አይቀርብም። በምትኩ በዘይት የተቁላላ ጎመን፣ የተቀቀለ ሽምብራ፣ የሱፍ ፍትፍት ሳይሆን እንጀራ ያልገባበት የሱፍ ወጥ፣ አንዳንዴ ተልባ ይጠብቀዋል። ስልኩ ላይ ስላነበቡት ገጽ ለእናቱ አንድም ቃል አልነገራትም፤ ሆኖም ስልኩ ያለውን ያነበበች ትመስላለች። ደግሰው ይህን እንደ ዕድል ቆጠረው። የቀበቶው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ፣ ክንዱ ጠጠረ፣ ዳገቱን ሲሮጥ እንደ ድሮው አያለከልክም። ራሱን በመስተዋት እያየ ይደሰት ነበር። እናቱ ምሽት ምሽት እንዝርቷን ይዛ ስትፈትል ያያል፤ ለገበያ ነው ብሎ አሰበ።

አንድ ጠዋት ድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ እየቆጠረ ሳለ ከበላዩ ድምፅ ሰማ።

«ስንት ደረሰ?»

አባ ወልደ ሩፋኤል ነበሩ፣ የገዳሙ መነኩሴና የቤታቸው የነፍስ አባት። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቁልቁል ያዩታል። ደግሰው ተነስቶ ነጠላውን አጣፍቶ መስቀል ተሳለመ። አባ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና እሱንም ቁጭ በል አሉት።

«እናትህ ትናንት እኔ ዘንድ መጥታ ነበር» አሉ።

«ምን አለችዎት፣ አባ?»

«ልጄን አደራ አለችኝ። ብርድ አይችልም፣ ጋቢ እየፈተልኩለት ነው፣ እስኪያልቅ ትንሽ ቀን ስጡኝ አለች። አልከለክለውም፤ አባቱን የወሰደ አምላክ እሱንም ለራሱ ከፈለገው ምን አፍ አለኝ አለች። ታለቅስ እንደሆነ ብዬ አየኋት፤ አላለቀሰችም።»

ደግሰው ቁልቁል ተመለከተ። ታች ከተማው ላይ ጭጋጉ ገና አልተነሳም ነበር።

«አባ፣ ስግደት አልነበረም።»

«አውቃለሁ። የሚሰግድ ሰው በየመሀሉ ክንዱን አይዳብስም።»

ጆሮው ጋለ። አባ ግን አልሳቁበትም። ሰውነትን ማጠንከር ነውር እንዳልሆነ፣ በእሱ ዕድሜ ሳሉ እሳቸውም ድንጋይ በመወርወር ጎረምሳውን ሁሉ ይበልጡ እንደነበር ነገሩት። ጾሙን እስካላፈረሰ ድረስ ምን በልቶ ምን እንደሚተው የእሱ ጉዳይ ነው አሉት።

«እርስዎ ይነግሩልኛል?» አለ ደግሰው።

«እኔ ምን ብዬ? ዝም ያልኩት እኔ አይደለሁም።» መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። «አንድ ነገር ግን እወቅ። እሷም ዳቦ አትቀምስም። ልጄ ለእግዜር ብሎ የተወውን እኔ እንዴት እጎርሳለሁ ትላለች። ለአገሩ ሁሉ እየጋገረች፣ አንዲት ቁራሽ አትቀምስም።»

ደግሰው ዳገቱን ሲወርድ አልሮጠም።

ሽምብራው ታሰበው። ሽምብራ ሌሊት ካልተዘፈዘፈ አይበስልም፤ ስለዚህ በየምሽቱ ስለ እሱ ነገ እያሰበች ትዘፈዝፈው ነበር ማለት ነው። ሱፉ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተጠልሎ ነው ወጥ የሚሆነው። ገጽ አላነበበችም። የሚበላውንና የሚተወውን ብቻ ተመልክታ፣ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ፣ ለእሱ የሚስማማውን ፈልጋ አቀረበችለት። ያን ሁሉ ስታደርግ ደግሞ የምታበረታው ከእሷ ለሚለይበት መንገድ መስሏት ነው። ክንዱን ዳበሰው። እስካሁን ቃለሕይወትን አመስግኗል፣ ስልኩን አመስግኗል፣ ራሱንም ሳያመሰግን አልቀረም። ይህን ክንድ የሠራችውን ሰው ግን እስከዛሬ አላየም ነበር።

ከትምህርት ቤት ሲመለስ አሰለች ለእትዬ ሰርክአዲስ ማኅበር የታዘዘውን ድፎ ከላይና ከታች ካለው እሳት አውጥታ ሰፌድ ላይ አሳርፋ ነበር። ከጎኑ ከተረፈው ሊጥ የጋገረችው ትንሽ ዳቦ አለ። አባቱ ያደረገላት ቀለበት ከቀጠነው ጣቷ እንዳይንሸራተት ክር ተጠምጥሞበታል። ክሩን ከዚያ በፊት አላየውም።

ደግሰው በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «እማ፣ ትንሹን ቁረሺልኝ።»

«አንተ ትተሃል እኮ።»

«ለእግዜር ብዬ አይደለም።»

ነገራት። ስለ ከፍታ ዝላዩ፣ ድፎ ስለሚሉት፣ ስለ ቃለሕይወት ስልክ፣ ስለ ፑሽ አፑ ሁሉ ነገራት። እትዬ ሰርክአዲስ አንቱ ስትለው ደስ ስላለው ዝም እንዳለም ነገራት።

አሰለች እስኪጨርስ ሰማችው። «ተዘርግተህ መነሳቱ?» አለች በመጨረሻ።

«ለጡንቻ ነው።»

«ለጡንቻ» አለች እሷም። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደግሰው ደንግጦ ሊነሳ ሲል በነጠላው ሥር የሳቋን ድምፅ ሰማ፤ ሳቁ ረዘመ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እንባውንም በነጠላዋ ጠርጋ እንደገና ሳቀች። የቱ የሳቅ የቱ የልቅሶ እንባ እንደሆነ ደግሰው አልለየም።

«ውኃው» አለች ትንፋሿን ስትሰበስብ። «ውኃውን እኮ እኔ ስሸከም ከረምኩ።»

«ከነገ ጀምሮ እኔ እቀዳለሁ።»

«ከዛሬ» አለችና ቢላዋውን በእጀታው በኩል ዘረጋችለት። በቤታቸው ዳቦ የሚቆርሰው አባቱ ነበር። ከእሱ በኋላ ቢላዋው ከእሷ እጅ ወጥቶ አያውቅም።

ደግሰው አባቱ እንደሚያደርገው መጀመሪያ ከላይ የመስቀል ምልክት አደረገበትና ቆረሰ። ለእሷ ወፍራሙን፣ ለራሱ ስሱን። አሰለች ስሱን ቁራጭ አየች።

«አሁንም ትቀንሳለህ?»

«ትንሽ። ሽምብራሽ ተስማምቶኛል።» ከዚያ ብዙ ቀን ያልተናገረውን ተናገረ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማ።»

ዳቦዋን ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አላመጠች። ጥቂት ቆይታ ጥግ ላይ ወዳለው የክር ቅርጫት በአገጯ እያመለከተች «እሱን እጨርሰዋለሁ» አለች። «በጠዋት ዳገቱ ይበርዳል። የአባትህ ነጠላ ሳስቷል።»

ጀርባው ላይ ያለው ሸክም ግን ሙሉ በሙሉ አልወረደም። ትልቁ ድፎ አሁንም ሰፌዱ ላይ ነበር፤ የእትዬ ሰርክአዲስ ቤት ደግሞ በማኅበርተኛ ሴቶች እንደሚሞላ ያውቃል። እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ ለማድረስ ተነሳች።

«አንቺ ተቀመጪ፣ ዳቦሽን ጨርሺ» አለ።

ድፎውን ከነሰፌዱ ተሸክሞ ወጣ። በመንገዱ ሁሉ «ድፎ ድፎ ተሸክሞ ሄደ» ብለው ሊስቁበት እንደሚችሉ ያውቅ ነበር፤ ነገ ደግሞ የባሰ ይኖራል። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ውስጥ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አስተካከሉ። እትዬ ሰርክአዲስ ወገቧን ይዛ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ይግቡ፣ ይግቡ፣ ምነው እርስዎ ይሸከማሉ?»

ደግሰው ዳቦውን መሀል ላይ አስቀመጠ። ሁሉም ያዩታል።

«እትዬ ሰርክአዲስ» አለ፣ «እባክዎ አንተ ይበሉኝ። ቁጭ ይበሉና አንድ ነገር ልንገርዎት።»