ለቢጫዋ ቦታ መልቀቅ

ሠዓሊው ቀለም የሚገዛው በትንንሽ ቆርቆሮ ነበር። ሌላው ደንበኛ ለሳሎን፣ ለአጥር፣ ለበር እያለ በባልዲ ሲያስጭን፣ እሱ ከወረቀት ቆርጦ ያመጣትን ናሙና ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። የሱቁ ባለቤት፣ የቀለም ቀማሚዋ ታላቅ ወንድም፣ «አቶ ማዕዘን» የሚል ስም አውጥቶለታል። አንድ ቀን ሰውየው ገና ከደጅ ሳይርቅ፣ «ይሄ ሰው የሚቀባው የአይጥ ቤት ነው እንዴ?» ብሎ እህቱን አስቋታል።

ቀማሚዋ ስቃ ስታበቃ ወደ ናሙናው ትመለሳለች። ሥራዋ ማየት ነው። ጠብታ ትጨምራለች፣ ታማስላለች፣ ካርቶን ላይ ቀብታ እስኪደርቅ ትጠብቃለች፤ ካልገጠመ አትሸጥም። እሱም አያቻኩላትም። ቆርቆሮውን ሲቀበላት «እግዜር ይስጥልኝ» ይልና ከሚገባው ትንሽ ረዘም አድርጎ ያያታል። እሷ ደግሞ የተዘጋውን ክዳን መልሳ ታጠብቀዋለች።

የመጨረሻው ቢጫ ለመጀመሪያ ኤግዚቢሽኑ ነበር። እንደነገራት፣ ከሥዕሉ በግራ በኩል ትልቅ ሰማያዊ አራት ማዕዘን አለ፤ በቀኝ ጥግ ከፍ ብላ የምትቀመጥ ትንሽ ቢጫ ካሬ ያን ሁሉ ሰማያዊ ብቻዋን መመከት አለባት። ደብዘዝ ካለች ሥዕሉ ወደ ግራ ይወድቃል። እሷም አይወድቅም ብላ ቃል ገባችለት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የሱቁ ፍሎረሰንት መብራት ተቃጠለና ቀማሚዋ ናሙናዎቿን ልታስተካክል ወደ ደጅ ይዛቸው ወጣች። የሠዓሊው ወረቀትና የእሷ ቅልቅል በመብራቱ ሥር መንታ ይመስሉ ነበር። ፀሐይ ላይ ግን አይተዋወቁም፤ የእሷ ቢጫ አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል። ለአጥር ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። ለዚያች ካሬ ግን ሁሉም ነገር ነው።

ወንድሟ ሰውየው እስካሁን ካልመጣ አላወቀም ማለት ነው፣ ሥዕሉም ዛሬ ከሰዓት ይወሰዳል፣ ምን አስቸኮለሽ አላት። ለሠዓሊው ብትነግረው ዳግም ደጃቸውን እንዳይረግጥ ፈርታለች። ያም ሆኖ ሽርጧን ፈታች።

«ጋሼ፣ አይወድቅም ያልኩት እኔ ነኝ» ብላው ወጣች።

ሠዓሊው የሚሠራው ከልብስ ስፌት ቤት በላይ ባለች፣ ለአቧራው ሲባል መስኮቷ ሁሌ በተጋረደ ክፍል ነው፤ ቀንም መብራት ያበራል። ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ሳታለዝብ ነገረችው። መጋረጃውን ገለጠና ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ አዞረው። ጎን ለጎን ቆመው አዩት።

«ምን ይታይዎታል?» አላት በመጨረሻ።

«ሰማያዊው ከብዷል። ቢጫዋ... መኖሯም ያጠራጥራል። ከሥሯ ያለው ጥቁር መስመር ደግሞ አፍኗታል።»

መስመሩን በክንዱ ጋረደው። «አሁንስ?»

አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየች። ዙሪያዋ ነጩ ሲሰፋ ካሬዋ ተነፈሰች። አረንጓዴ መምሰሏ እንኳ ለሰማያዊው ዘመድ አደረጋት እንጂ አላሳነሳትም። ትንሽ ናት፣ ግን ያን ሁሉ ባዶ ቦታ ስለያዘች ትልቁን ትገዳደረዋለች።

«ቆመ» አለች፣ በሹክሹክታ።

መስመሩን በነጭ ሊሸፍኑ ሁለት ብሩሽ አነሱ፤ እሱ ጠርዙን፣ እሷ መሀሉን። ጥቁር ግን በአንድ ጊዜ አይሸፈንም። የኤግዚቢሽኑ መኪና ከታች ጥሩምባ ሲነፋ ነጩ ገና እርጥብ ነበር፣ መስመሩም እንደ ጥላ ይታያል። ሠዓሊው ወርዶ ሾፌሩን ባዶውን ሲሸኘው በመስኮት አየችው። ሲመለስ እንባዋ ቀደማት፤ እኔ ባልመጣ ሥዕልህ ሄዶ ነበር አለችው።

«ይሄድ ነበር፤ ወድቆ» አላት። «ኤግዚቢሽን ሌላም ጊዜ ይኖራል። ለሥዕሌ ብሎ እየሮጠ የመጣልኝ ሰው ግን እስከዛሬ አልነበረኝም። አመሰግንሻለሁ።»

ብሩሹን ከእጇ ተቀብሎ አስቀመጠ። እጇን ግን አልለቀቀም።

ወንድሟ እስከዛሬ ለሰው ሁሉ ያወራል፦ እኔ ቀለም ሸጥኩለት፣ እሱ ቀማሚዬን ይዞ ሄደ እያለ። ሥዕሉ አልጋቸው ትይዩ ተሰቅሏል። ሊገዙት የጠየቁ ነበሩ፤ ባል ሲያመነታ ሚስት እምቢ ትላለች። ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጥ ብርሃኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በነጩ ላይ ነው። አጠገቧ የተኛውን ሳትቀሰቅስ ቆማ ታይና፣ በለሆሳስ «ተመስገን» ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።