ሦስት ጠብታ የኑግ ዘይት

ሰውየው አምስት ተኩሶ አምስቱንም መታ።

ምንይችል የወደቁትን የክብሪት ቀፎዎች ደግሞ ቆጠረ። ይጁቤ ገበያ ላይ የአየር ጠመንጃ ይዞ ኢላማ ማስተኮስ ከጀመረ አራተኛ ወሩ ነው። በአራት ወር ውስጥ አምስቱንም የክብሪት ቀፎ የጣለ አንድም ሰው አላየም። የጎጃም ገበሬ መተኮስ አይችልም ማለት አይደለም፤ ኧረ ወዲያ! ድኩላ በሩጫ ላይ የሚጥሉ ሰዎች ናቸው። ግን ምንሽር የለመደ ትከሻ የአየር ጠመንጃ ሲሰጡት አንቆ ነው የሚይዝ። ሰደፉን ትከሻው ላይ ይተክላል፣ እንጨቱን ይጨመድዳል፣ ትንፋሹን ዋጥ ያደርጋል።

ከዚያ ይስታል። ሲስት ደግሞ ይሳደባል።

«ጠመንጃህ ጠማማ ነው! አንተም እንደሱ!»

ጠመንጃው ጠማማ አልነበረም። ቃታው ሲሳብ ውስጥ ያለው ሞላ ይፈናጠርና ጠመንጃውን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ያዘልለዋል፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው እርሳሷ ገና ከአፈሙዙ ሳትወጣ ነው። ያነቀው ሰው ዝላዩን ያጣምመዋል፣ እርሳሷም አብራ ትጣመማለች። ልቅ አድርጎ፣ እንደ ተኛ ሕፃን መዳፉ ላይ ያስተኛው ሰው ግን አንድ ቦታ ይመታል። ይህን የሚያውቅ ይጁቤ ውስጥ የለም። ደብረ ማርቆስም የለም።

ይህን የሚያስተምሩት አዲስ አበባ፣ ምንይችልን የላከው የስለላ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ተኩስ ውጭ እንዳይሰማ ምልምሎቹን የሚያለማምዷቸው በአየር ጠመንጃ ነበር።

ይህ ጋቢ የለበሰ፣ እግሩ አቧራ የጠጣ ሰውዬ ጠመንጃውን መዳፉ ላይ አስተኝቶታል።

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነው።

«ስምህ ማነው ወንድሜ?»

«ያለው።»

«ከየት መጣህ?»

«ከአምበር ማዶ።»

«እጅህ ጥሩ ነው።»

«አባቴ ነው ያስተማረኝ» አለና ፈገግ አለ። «አጉርስልኝ። ገና ነኝ።»

ምንይችል አጎረሰለት። ሁለት ፍሬ እርሳስ ከጣቱ አምልጦ መሬት ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሳው።

ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረት ነው። ጎጃም በአዲሱ ግብር ታምሷል፣ ገበሬው መሣሪያውን ወልውሏል፣ የመንግሥት ሰው የተባለ ሁሉ ያለ አጃቢ ከከተማ አይወጣም። በዚህ መሀል ደብረ ማርቆስ ካለ አንድ መጋዘን ጥይት በሣጥን እየተሰረቀ ለሽፍታ ይወጣል። የሚያወጣው ማነው? ምንይችል የተላከው ይህን አንድ ስም ይዞ እንዲመለስ ነው። መሥሪያ ቤቱ ምንይችልን በምስጢር ስሙ «ሰርዶ» ይለዋል። ስሙን የምታመጣለት ደግሞ «ዋርካ» ነች።

ዋርካ ጤናዬ ነች። ኑግ ዘይት ሻጭ፣ ባሏ የሞተባት፣ የሁለት ልጆች እናት። ወንድሟ የመጋዘኑ ዘበኛ ነው። በየገበያው ቀን ትንሽ ጠርሙስ ዘይት ለምንይችል ታመጣለች፤ ከሞላው ፊት ያለው ቆዳ ዘይት ካልጠጣ ይደርቃል፣ አየሩ ያመልጣል፣ ጠመንጃው ጉልበት ያጣል። ይህን ገበያተኛው ሁሉ ስለሚያውቅ ማንም ጠርጥሯት አያውቅም። ወሬው የሚመጣው ግን በዘይቱ ሳይሆን በጠርሙሱ ውታፍ ውስጥ ነበር።

ዋርካ ማን እንደሆነች ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ባለፈው ሳምንት የደብረ ማርቆስ አለቃው ሻምበል አካለ ወልድ ሦስት ጊዜ ጠይቆታል።

«ዋርካ ማነው?»

«ደንቡ አይፈቅድም፣ ጌታዬ።»

«ለእኔም?»

«ለእርስዎም።»

አሁን ይህ ያለው የተባለ ሰውዬ መጥቷል። ጥይት የሚሸጠው ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነው፣ ገዳይ ልኳል ማለት ነው። ጤናዬም መምጫዋ ደርሷል።

የአደጋ ምልክት ነበራቸው። ከኢላማዎቹ ሁሉ ኋላ፣ ሃያ አምስት እርምጃ ላይ፣ አንድ ነጭ ጣሳ ይቆማል። ጣሳው ከወደቀ ጤናዬ ሳትቆም ታልፋለች። ነፋስና ዝም ብሎ የሚተኩስ ደንበኛ እንዳይጥለው ምንይችል እስከ ግማሽ አሸዋ ሞልቶታል። ለደንበኛ የሚሰጠው ቀላሉን እርሳስ ነው፤ ቀላሉ ይፈጥናል፣ ግን ሩቅ ሲሄድ ነፋስ ይወስደዋል፣ ቢመታም ጣሳውን ቂው አድርጎ ይወድቃል። ከባዱ እርሳስ በኪሱ ነው። ከባዱ ዝግ ብሎ ነው የሚሄድ፤ ሲደርስ ግን ይገፋል።

ጠመንጃው በሰውየው እጅ ነው።

«እስቲ ስጠኝ፣ ማነጣጠሪያውን ላስተካክልልህ።»

«ደህና ነው።»

«ወደ ግራ ይሄዳል።»

«ለእኔ አልሄደም።» ያለው ጠጋ አለ። አፉ የነጭ ሽንኩርት ሽታ አለው። «ዛሬ ሰው ትጠብቃለህ።»

«ደንበኛ ነው የምጠብቅ።»

«እኔም እጠብቃለሁ። አብረን እንጠብቅ።»

ምንይችል ኪሱ ውስጥ ያሉትን ከባድ እርሳሶች በጣቱ ዳበሰ።

በአህዮቹ መካከል ጤናዬን አያት። እንስራዋን አዝላ፣ ጠርሙሷን በእጇ ይዛ እየመጣች ነው። ዓይኗ ነጩ ጣሳ ላይ ነው።

ቆሞ ያያታል፣ ጣሳው።

ዙሪያውን የከበቡት ገበሬዎች ረዱት ሳያውቁት። የገበያው ዳኛ አስማማው፣ ሪዛም ጠብደል ሰው፣ «አንተ ባለ ጠመንጃ፣ ለሌላው ትሰጣለህ እንጂ ራስህ ስትመታ አይተን አናውቅም! እስቲ ወንድ ከሆንክ!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ያለው በሰው ፊት እንቢ ማለት አልቻለምና ጠመንጃውን ሰጠው።

ምንይችል ከባዱን እርሳስ አጎረሰ። ጠመንጃውን መዳፉ ላይ አስተኛው።

ተኮሰ።

እርሳሷ ጣሳውን መሀሉን አገኘችው። ጣሳው ተነቃነቀ። ወደ ኋላ ዘመም አለ።

ተመልሶ ቆመ።

ወይ አምላኬ! ቆዳው። ባለፈው ገበያ ጤናዬ አልመጣችም፤ ቆዳው ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘይት አልጠጣም። የጠመንጃው ጉልበት ግማሹ በደረቁ ቆዳ ዳር አምልጧል። ይህን እያወቀ፣ በየቀኑ ሲተኩስ እየሰማው፣ ዘይት ሌላ ቦታ ሳይፈልግ እሷን ሲጠብቅ ቆየ።

«እንደምን ዋልህ ምንይችል» አለች ጤናዬ። «ዘይትህን አምጥቻለሁ።»

«ዛሬ አልፈልግም። ሂጅ።»

ጤናዬ ደነገጠች። ጠርሙሷን ወደ ደረቷ ሳበች። ዞር ልትል ስትል ያለው እጁን ዘረጋ።

«ለምን አይፈልግ? ጠመንጃው ደርቋል እኮ። አምጭው እታለም።»

ጠርሙሱን ከእጇ ወሰደው። ውታፉን በጥርሱ ነቀለና ጠረጴዛው ላይ ተፋው። ውታፉ ተንከባሎ እርሳሶቹ መካከል ቆመ።

ምንይችል አላየውም። እንዳያየው አንገቱን በግድ ያዘ።

ያለው ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አነሳ። አገላበጠው። ኑግ ጥቁር ስለሆነ ታቹ አይታይም። ሊያፈሰው ዘቅዘቅ ሲያደርገው አስማማው ጮኸ።

«ኧረ በማርያም! የሰው እህል መሬት ታፈሳለህ? ምን ዓይነት ባለጌ ነህ?»

«ለጠመንጃው ነው» አለ ያለው ቶሎ ብሎ። «ለጠመንጃው አይደል የመጣው?»

እንደሚያጎርስ ሰው አፈሙዙን አጥፎ ከፈተና ጠርሙሱን በቀዳዳው ላይ ገለበጠው። ዘይቱ ጉልጉል እያለ ገባ።

የሚበቃው ሦስት ጠብታ ነው። ምድር ቤት ሲያሠለጥኗቸው ጠመንጃዎቹን የሚያጠጣ ሌላ ሰው ነበር፤ ምልምሎቹ ተኩሰው ብቻ ነው የሚሄዱ። ምንይችል ግን አራት ወር በገዛ እጁ አጠጥቶታል። ዘይት ሲበዛበት ሞላው አየሩን ጨምቆ ያግለዋል፣ ዘይቱ በዚያ ሙቀት ነድዶ እንደ ባሩድ ይጮኻል። አንድ ጊዜ አምስት ጠብታ ጨምሮ ጆሮው ቀኑን ሙሉ ሲጮህበት ውሏል።

ይህ አምስት ጠብታ አልነበረም። ጉንጭ ሙሉ ነው።

«ተው፣ በዛ» ማለት ይችል ነበር።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

ያለው ጠርሙሱን ጨርሶ ታቹን አየ። ምንም የለም። ተናደደ። ጤናዬን አፍጥጦ አያት።

«እስቲ ነጩን!» አለ አንዱ ገበሬ። «አምስት መትተህ ነጩን ጣሳ ትፈራለህ?»

ያለው ዓይኑን ከጤናዬ ሳይነቅል አጎረሰ። አነሳ። ቃታውን ሳበ።

ገበያው ተናጋ።

ድው! አለ፤ እንደ አልቢን ጠመንጃ። አፈሙዙ እሳት ተፋ፣ ጥቁር ጭስ ወጣ፣ ጣሳው ተበስቶ ተገለበጠ። አህዮች ጭነታቸውን ጥለው ሮጡ። ሴቶች ጮኹ። «ጦር መጣ!» አለ አንዱ። ከየትከሻው መሣሪያ ወረደ።

በጎጃም ገበያ መሀል ጥይት መተኮስ ነውር ነው፤ ደም ያለባቸው እንኳ ገበያ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያይተው ያልፋሉ። አስማማው ያለውን አንገቱን ይዞ ጎተተው። ጋቢው ተገፈፈ። ወገቡ ላይ ሽጉጥ ታየ፤ አዲስ፣ ከነአፎቱ፣ የመንግሥት ሽጉጥ።

«ይሄ ገበሬ ነው? ይሄ?»

«ቆዩ! ቆዩ!» አለ ያለው እጁን ወደ ላይ አንስቶ። «የመንግሥት ሰው ነኝ!»

በዚያ ዓመት፣ በዚያ ገበያ፣ ከዚህ የከፋ ቃል አልነበረም። የሰው ፊት ሁሉ ተለወጠ። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ያለው ወደ ምንይችል ዞረ።

«ንገራቸው! አንተ ንገራቸው እንጂ!»

ሰው ሁሉ ምንይችልን አየው።

«ታውቀዋለህ?» አለ አስማማው።

ጤናዬ ከአጠገቡ ቆማለች። ትንፋሿ ይሰማዋል።

«አላውቀውም» አለ ምንይችል። «ዛሬ ነው ያየሁት።»

የያለውን እጅ የኋሊት ሲያስሩ ፊቱን ጠረጴዛው ላይ ደፉት። ከምንይችል አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። ከንፈሩ ደም አለው። ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረ።

«ሻምበሉ… ጥይት የሚያወጣው አንተ እንደሆንህ ነግሮኝ፣ ተቀባይህን እንድይዝ ነው የላከኝ። አይደለህም እንዴ?»

ምንይችል ያታልለኛል ብሎ አሰበ። ሰዎቹ ጎትተው ወሰዱት፣ በባሕር ዛፉ በኩል፣ ወደ ገደሉ።

ውታፉን አነሳ። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ፈለቀቀው። በጤናዬ ወንድም እጅ የተጻፈች የሲጋራ ወረቀት ወጣች።

«ሣጥኖቹን የሚያወጣ ሻምበል አካለ ወልድ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ደጋግሞ አነበበው።

ያለው እውነቱን ነበር። አለቃቸው ያለውን በምንይችል ላይ ልኮ ዋርካን ሊያስይዝ ነበር። ያለው ገዳይ አልነበረም፤ ሌባ እየያዘ የመሰለው የመንግሥት ሠራተኛ ነበር።

ምንይችል ቀና አለ። ሰዎቹ ገና ባሕር ዛፉ ዘንድ ናቸው። የያለው ነጭ እጀ ጠባብ ይታየዋል። ቢጮህ ይሰሙታል።

አፉን ከፈተ።

ጤናዬ እንስራዋን ልታዝል ትታገላለች። ቢጮህ «እንዴት አወቅህ?» ይሉታል። ከዚያ ውታፉ ይመጣል፣ ከውታፉ ጤናዬ፣ ከጤናዬ ልጆቿ። ይህን ሁሉ አስቦ ነው ዝም ያለ ብንል ነገሩን ማሳመር ይሆንብናል። እውነቱ ግን ፈርቶ ነው። የከፈተውን አፉን ዘጋ።

ሰዎቹ ከባሕር ዛፉ አለፉ።

ጥቂት ቆይቶ ከገደሉ በኩል ተኩስ ተሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ።

«ልጆችሽን ይዘሽ ዛሬውኑ ወደ እናትሽ አገር ሂጅ» አላት ጤናዬን።

«ወንድሜስ?»

«ወንድምሽንም ጨምሪ።»

ምንይችል ደጀን የደረሰው በእህል መኪና ላይ ተጭኖ ነው። ከዚያ ዓባይን ተሻገረ። በሦስተኛው ቀን የሲጋራ ወረቀቷን አዲስ አበባ የዋናው አለቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። በሳምንቱ ሻምበል አካለ ወልድ ከነሣጥኖቹ ተያዘ። የጤናዬ ወንድም መጥቶ መሰከረ።

«ጥሩ ሥራ ነው» አሉት አለቃው። «አንድ ነገር ቀረኝ። ያለው የሚባል ልጃችን እዚያው ጠፍቷል። ሻምበሉ የት እንደላከው አልናገርም ብሏል። አጋጥሞህ ነበር?»

መናገር ነበረበት። የገደሉን ቦታ፣ የአስማማውን ስም፣ ሁሉን። ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «አንተስ የት ነበርህ?» ይሆናል።

«አላጋጠመኝም፣ ጌታዬ።»

አዲስ የይለፍ ወረቀት ሰጡት። ከነገ ጀምሮ የጅማ ቆዳ ነጋዴ ነው፣ ስሙም ደርቤ።

ከቅጥሩ በር ውጭ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሲወጣ ብድግ አለች።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከጎጃም የመጡ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«ለሚወጣው ሁሉ ነው የምናገር፣ አይቀየሙኝ። የኔዓለም እባላለሁ። ባለቤቴ ያለው ይባላል፣ ለሥራ ሄዶ ነው። ምናልባት ካገኙት፣ በሰላም ተገላግላለች፣ ሴት ልጅ ናት ይበሉልኝ። ሰማንያ ቀኗ ሊደርስ ነው። ክርስትናዋን እሱ ሳይመጣ አላስነሣም ብዬ ከቄሱ ጋር ተጣልቻለሁ።»

ሕፃኗን ገለጥ አድርጋ አሳየችው። ሳያይ አንገቱን ነቀነቀ።

«እሺ» አለ ደርቤ። «ካገኘሁት እነግረዋለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ተመልሳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

እሱም ወደ አውቶብስ ተራ ሄደ።