ለአራስ የማይነገር ወሬ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ሚያዝያ በሃያኛው ቀን፣ የሮቢንስዴል ሐይቅ በረዶውን ጨርሶ አራግፎ ዳክዬዎች ይንሳፈፉበት ነበር፤ በዳርቻው ግን ሰው አይታይም፤ ባዶ አውቶቡሶች በየሰዓታቸው ይመጣሉ፤ ማንንም ሳያወርዱ፣ ማንንም ሳይጭኑ ይሄዳሉ። የሚኒሶታ አገረ ገዥ «እያንዳንዱ በቤቱ ይክተት» የሚል አዋጅ ካስነገረ አንድ ወር አልፎ ነበርና። በአባቶቻችን ዘመን የክተት አዋጅ ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣ ነበር፤ ይኸኛው ግን አስገብቶ በር የሚያዘጋ ሆነ።

ከሐይቁ ማዶ ባለ አፓርትመንት ምድር ወለል ላይ፣ የትምወርቅ የምትባል አራስ የአሥራ ስድስት ቀን ልጇን ታቅፋ ስልኳ ላይ አፍጣለች። ሕፃኗ በዕለተ ሆሳዕና ስለተወለደች ስሟም ሆሳዕና ሆነ። አባቷ ሳህሉ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሠራተኛ ነው፤ የኮሮናውን በሽታ ለአራስና ለጨቅላ እንዳያመጣ ፈርቶ፣ ክሪስታል ከተማ ከሚኖር ጓደኛው ዘንድ ተጠግቶ ነበር፤ አስቤዛውን በር ላይ ያስቀምጣል፤ በመስኮት እጁን አውለብልቦ ይሄዳል። ክፉ ባል አይደለም፤ ጥፋቱ ሌላ ነው፤ እንደርስበታለን።

በዚያ ሁሉ ብቸኝነት ውስጥ የትምወርቅ ሰው አለኝ የምትለው ወይዘሮ ወርቂን ነበር። ወይዘሮ ወርቂ አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ በምትባል ከተማ ሠላሳ ዓመት የኖሩ ኤርትራዊት እናት ናቸው፤ ገና ሆዷ ሳይገፋ «የማርስሽ እኔ ነኝ፤ አርባ ቀን ካጠገብሽ አልነሣም» ብለው ቃል ገብተውላት ነበር። አዋጁ ሲያግዳቸው ጊዜ፣ በየጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ እየደወሉ በስልክ አረሷት፤ «አጥሚቱን ጠጣሽ? ወገብሽን አሠርሽ? በይ ጡት ስጫት፤ እኔ አለሁ» ይሏታል።

ካለፈው ረቡዕ ወዲህ ግን አልደወሉም። ብትደውል ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሣ የለም። ሳህሉን ብትጠይቀው «ስልካቸው ተበላሽቶ ነው» አላት። የተበላሸ ስልክ እንዴት ይጠራል? የእድሩ ሴቶች አለቃ እትዬ ዘነቡ ዘንድ ደወለች፤ እትዬ ዘነቡም «ደኅና ናቸው፤ አንቺ ዝም ብለሽ ብዪ፣ ጠጪ» ብለው ድስት እንደጣዱ ሰው ተጣድፈው ዘጉ። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹም ሴቶች ስልኳን ይሸሹ ጀመር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

የትምወርቅ ጥፋቱን ከራሷ ዘንድ ፈለገችው፤ አገኘችውም። በመጨረሻው ጧት ወይዘሮ ወርቂ «ትንሽ ለጋ ቅቤ አውጫት፣ አንጀቷ ይለሰልሳል» ቢሏት፣ እንቅልፍ ያጣች ናትና «እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም! ዶክተሯን ልስማ እርስዎን?» ብላ ጮኸችባቸው። አሮጊቷም «ይሁን ልጄ» ብለው ዘጉ። እንግዲህ ተቀይመዋል፤ ለእትዬ ዘነቡም ነግረዋል፤ ባለጌ ናት ተብላለች፤ እንዲህ እያለች ስትብከነከን እህል ከአፏ ራቀ። ሰኞ ዕለት ሕፃኗ ስትመዘን ከተወለደችበት ክብደት በታች ሆና ተገኘች፤ ነርሷም «እስከ ዓርብ ካልጨመረች ሆስፒታል ትተኛለች» አለቻት። የትምወርቅ ፈራች። ልጄ በእኔ ምላስ ጦስ ልትሞት ነው ብላ ፈራች።

በዚህ ዕለት ማክሰኞ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ቆርጣ፣ ለወይዘሮ ወርቂ ልጅ ለኣዲያም ደወለች። ኣዲያም ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት።

«ኣዲያምዬ፣ እናትሽ ተቀይመውኛል። እባክሽ አገናኚኝ።»

«አልነገሩሽም?» አለች ኣዲያም። «ማሚ አረፈች። ላስት ሐሙስ። ኮቪድ ነው።»

«ስልካቸው ይጠራል እኮ» አለች የትምወርቅ።

«እኔ ነኝ ቻርጅ የማደርገው። ስምሽ ሲመጣ አያለሁ፤ ፒክ ማድረግ ግን አልቻልኩም። ሚስስ ዘነቡ ለአራስ አይነገርም አለችኝ። ግን ከጠየቅሽኝ መዋሸት አልችልም፤ አይም ሶሪ።»

«በእኔ አዝነው ነው የሞቱት?»

«ኖ፣ ኖ። ስላንቺ እየሳቀች ነበር፤ ‹ጎበዝ፣ ለልጇ ትቆጣለች› አለች። ካንቺ ጋር ስታወራ ሳሏን ትይዝ ነበር፤ እንዳትፈሪ ብላ።»

የትምወርቅ ያን ጊዜ ለቅሶዋን ለቀቀችው፤ ኣዲያምም በወዲያኛው ጫፍ አብራ አለቀሰች። ሕፃኗ በጩኸቱ ነቅታ ጡት ፈለገች፤ እናቲቱም እያነባች አጠባቻት።

«ማን አለ ካንቺ ጋር?» አለች የትምወርቅ።

«ማንም። ቀብሩ ላይ አሥር ሰው ብቻ ነው የፈቀዱት፤ ከዛ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ።»

በአገራችን ሥርዓት ብቻቸውን የማይተዉ አራስና ሐዘንተኛ ናቸው፤ በዚያ ዓመት ሁለቱም ብቻቸውን ተተዉ። የትምወርቅም «አትዝጊው፤ እዚያው ሁኚ» አለቻት፤ እስከ እኩለ ቀንም ሳይዘጉ ቆዩ፤ አንዳንዴ እያወሩ፣ አንዳንዴም ዝም ብለው።

ከሰዓት በኋላ ሳህሉ አስቤዛ ይዞ መጣ። የትምወርቅ መስኮቱን ከፍታ እንደ አራስ ነብር ተቆጣችው።

«ወይዘሮ ወርቂ መሞታቸውን ታውቅ ነበር?»

ሳህሉ የያዘውን ከረጢት መሬት አስቀመጠ። «እትዬ ዘነቡ ‹አራስ መርዶ ከሰማች ጡቷ ይነጥፋል› አሉኝ። ስለ ልጃችን ፈርቼ ነው፣ የትምዬ።»

«ልጃችንማ ከስታለች። ተቀየሙኝ፣ ተጠላሁ ስል ስድስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመስኩም። አንድ ሞት ልትደብቁኝ ብላችሁ በቁም ያለውንም ሰው ሁሉ ደበቃችሁብኝ።»

ሳህሉ መኪናው ዘንድ ሄዶ በሩን ከፍቶ ተቀመጠ፤ እስኪመሽም ከፊቷ ሳይጠፋ እዚያው ዋለ።

ዓርብ ሆሳዕና ተመዘነች። የጎደላትን ሁሉ አልሞላችም፤ የዱቄት ወተትም ታክሎላት ነበር፤ ግን ጨምራለችና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

የዚያን ዘመን ነገር የመዘገቡ ሰዎች አዋጁን ከነቀኑ ጽፈዋል፤ የሞተውንም በየዕለቱ ቆጥረዋል፤ ወይዘሮ ወርቂም በአንድ ሐሙስ መዝገብ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተደምረው አሉ። ሰው ለሰው አዝኖ ዝም ባለ ጊዜ ስንት አራስ «ተቀየሙኝ» እያለች ብቻዋን እንዳለቀሰች ግን የጻፈ የለም።