ከውስጥ የተቀረቀረው ክፍል

እኔ ስለ መንፈስ ሲወራ ተነስቼ ወደ ሥራዬ የምሄድ ሰው ነኝ፣ እመኑኝ። ሙያዬ በርና መስኮት መበየድ ነው፣ "በሩ ራሱን ከፈተ" የሚል ደንበኛ ስንቱን አይቻለሁ፣ ማጠፊያውን አስተካክዬ ዘይት ጠብ ሳደርግበት መንፈሱም አብሮ ይጠፋል። ከደብረ ብርሃን መጥቼ መቀሌ ከከተምኩ በኋላም ይሄ አመሌ አልለቀቀኝም ነበር።

ዓይደር ሰፈር፣ ከሱቄ ጀርባ፣ ኣደይ ለተብርሃን፣ እናቴ ለተብርሃን እንደማለት፣ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት አሉ። አንድ ልጃቸው ሃፍቶም በጦርነቱ ጊዜ እንደወጣ አልተመለሰም፣ መርዶም አልመጣም፣ ጎረቤት ተዝካር እንዲያወጡ ሲመክራቸው "ማን ሞተና?" ብለው ይቆጣሉ፣ ክፍሉንም በየማለዳው ይጠርጉለታል። ታዲያ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሱቄ መጥተው "ወደይ፣ የሃፍቶም በር እምቢ አለኝ" አሉኝ፣ ወደይ ልጄ ማለታቸው ነው።

ሄጄ ሳየው ቁልፉ ክፍት ነው፣ በሩን የያዘው የውስጥ መቀርቀሪያው ነው። ክፍሉ ሌላ በር የለውም፣ የመስኮቱን ፍርግርግ ደግሞ ራሴ ነኝ የበየድኩት፣ ድመት እንኳ አያሳልፍም። እኔም አፌን በቆረጠው፣ "ሃፍቶም ተመልሶ ተኝቶ እንዳይሆን!" ብዬ ቀለድኩ።

"ኣይፋልን! አይሆንም!" አሉ። "ሃፍቶም በሕይወት ካለ የሚመጣው በውጭው በር ነው፣ አንኳኩቶ፣ ኣደይ ብሎ። ሳላየው ገብቶ ከውስጥ የሚቀረቅር ከሆነማ፣ ልጄ የለም ማለት ነው። ሌባ ይሁን፣ ወደይ፣ ሌባ ይሁንልኝ።"

ቤቷ ሌባ እንዲገኝ የምትለምን እናት አይቼ አላውቅም።

የብረት መጋዜን በበሩና በመቃኑ መሃል አስገብቼ መቀርቀሪያውን መቁረጥ ጀመርኩ። ሲደክመኝ አረፍ አልኩ፣ መጋዙ ቆመ፣ ውስጥ ግን አንድ ነገር ትንሽ ቆይቶ ነው የቆመው፣ ሲሚንቶ ላይ እግር እንደመጎተት ያለ። ኣደይ ለተብርሃንን ዞር ብዬ አየኋቸው፣ እሳቸውም እኔን ያያሉ፣ መጋዙን መልሼ አነሳሁ።

በሩ ሲከፈት ማንም የለም። አልጋው ስር አየሁ፣ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ፣ የለም። ብቻ ትራሱ መሃሉ ጎድጎድ ብሏል፣ እሳቸው ሳያዩ ላስተካክለው እጄን ብሰድ ሞቅ ብሎ አገኘሁት። ፀሐይ መትቶት ነው እንዳልል መስኮቱ ፀሐይ የሚያገኘው ጠዋት ብቻ ነው።

"ወደይ፣ መቀርቀሪያ ብቻውን ይዘጋል?" አሉኝ።

አይዘጋም። ወደ ጎን የሚገፋ ብረት ነው፣ እጅ ይፈልጋል። ግን ዓይናቸውን ሳይ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? "አሮጌ ነው ኣደይ፣ ንፋስ በሩን ሲያላጋው ይንሸራተታል" አልኳቸው። "ተመስገን! ተመስገን!" ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ፣ እኔም በውሸቴ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው።

ሥራ ስጨርስ በሩን ዘግቼ መልሼ መክፈት ልማዴ ነው። ሁለታችንም ወጥተን ዘጋሁት። ልከፍተው ገፋሁ፣ እምቢ አለ። መቀርቀሪያው ተቆርጦ ወድቋል፣ ቁልፉ ክፍት ነው፣ በሩን የሚይዘው አንዳች ነገር የለም። በትከሻዬ ገፋሁት፣ ጣት የምታስገባ ያህል ከፈት አለና በዝግታ መልሶ ገፋኝ፣ ሰው ከወዲያ በኩል ትከሻውን እንዳስደገፈ።

ያን ጊዜ ኣደይ ለተብርሃን በእጃቸው ገለል አደረጉኝ። አላለቀሱም፣ አልጮኹም። መዳፋቸውን በሩ ላይ አድርገው፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅ በሚጠየቅበት ድምፅ፣ "ሃፍቶም ወደይ፣ በሊዕካዶ?" አሉት፣ በልተሃል ወይ ማለታቸው ነው።

መልስ ያግኙ አያግኙ አላውቅም። እኔ መልሱን እንዳልሰማ መጋዜን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ።