«ደህና» የማይቀበለው በር

የወንድይራድ በር እንግዳ ሲመጣ «ደህና ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል። የመላሹ ድምፅ ከልቡ ጋር ካልገጠመለት አይከፈትም። ዕብለት-ለይ ይሉታል። ዕብለት ያው ውሸት ነው፤ በሩ ከድምፅ ንዝረት ይለየዋል።

ከደመና በላይ በተሠራው ሰፈር እንዲህ ያለ በር በየቤቱ አለ። ሌላው ሰው እንግዳ ሲመጣ ያላላዋል። ወንድይራድ ግን ጡረታ እስኪወጣ ሚዛን መርማሪ ነበርና ማላላት የሚባል ነገር አያውቅም። የዕድሩ ዳኛ ወገቡን እያመመው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» ብሎ ውጭ ቀረ። ልጁ ፌቨንም ከሥራ በተባረረች ሰሞን «ደህና ነኝ አባዬ» አለችና በሩ መለሳት። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

«እውነቱን ብትናገር ትገባ ነበር» ይላል ወንድይራድ፣ የበሩን ጆሮ በጥጥ እየወለወለ። የሚሰማው በሩ ብቻ ነው። እሱ ራሱ ከውጭ ሲመለስ «ጉልበቴን ያመኛል፣ ሰውም ናፍቆኛል» ይለዋል፤ ወዲያው ይከፈትለታል።

አንድ ቀን ገና ሲነጋ ኮሪደሩ በኮቴ ተሞላ። ጎረቤቱ ጥሩወርቅ ሰዎች አስከትላ መጥታለች። በሩ ጠየቃት፤ «ደህና» አለች፤ አልተከፈተም።

«ዛሬ ደግሞ ምን ደብቀሽ ነው ጥሩዬ?» አለ ከውስጥ።

«አንተ ሰው፣ መጀመሪያ ክፈት።»

«እውነቱን ንገሪው፣ ራሱ ይከፍትልሻል። ትናንትም እህቴ አስካለ እንዴት ናት ብልሽ ‹ትንሽ አሟታል› ብለሽ ዋሸሽኝ። በሩ ነግሮኛል።»

ጥሩወርቅ ወደ በሩ ተጠጋች።

«ወንድዬ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንዳንድ ነገር በበር አይነገርም። የሚይዝህ እጅ አጠገብህ ሲኖር ነው የሚነገረው። እስኪመሽ ብታቆመኝም እቆማለሁ እንጂ ብቻህን እያለህ አልነግርህም።»

እጁ እጀታው ላይ ቀረ። ማለዳ ነው፤ ሰዉ ብዙ ነው፤ ሁሉም ዝም ብሏል። ከፍቶ ወጣ። ቃል ሳይተነፍሱ በፊት ያዙት።

ለቅሶው ጋብ ሲል ሊያስገቡት ወደ በሩ መለሱት።

«ደህና ነዎት?» አለ በሩ።

ወንድይራድ የደገፉትን ሰዎች ዞር ብሎ አየ። ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ።

አልተከፈተም። የዕድሩ ዳኛ ሳቁን በጋቢው አፈነ።

«አይደለሁም በለውና እንግባ» አለችው ጥሩወርቅ በጆሮው።

«ምን አግብቶት» አለ ወንድይራድ።

ለቅሶ የተቀመጡት ጥሩወርቅ ቤት ነው። አመሻሹ ላይ ፌቨን ዓይኗ አብጦ መጣች።

«ደህና ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ አባዬ።»

ፈቀቅ ብሎ አጠገቡ ቦታ ለቀቀላት።

ማዶ ያለው በር ዛሬም የሚያልፈውን ሁሉ ደህንነቱን ይጠይቃል። ውስጡ አንድም ውሸት የለም። ሰውም የለም።