ዝም ያሰኙት ደወል

የሟቹ ገላ ገና ሳይቀዘቅዝ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ በር ተቆለፈ። ታላቅ ወንድሙ «ገድለውታል!» ብሎ ፖሊስ ጠርቶ ነበርና፣ መርማሪው እስኪጨርስ ማንም እንዳይወጣ ታዘዘ። ነርሷ ከመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ጋር ተለጥፋ ቆማለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ወጣቱን ከአራት ቀን በፊት እግሩን ሚስማር ወጋው። ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገብቶ የደም ግፊቱን ጣለው። በሕይወት ያቆየው በትንሽ ፓምፕ የሚሰጠው፣ ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት ነበር። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ግን የፓምፑ ሲሪንጅ ባዶውን ተገኘ።

«ሊያልቅ ሲል አይጮኽም?» አለ መርማሪው ፓምፑ ላይ አጎንብሶ።

«ይጮኻል» አለች ነርሷ። «አልሰማሁም። ማዶ ያለው በሽተኛ ልቡ ቆሞ፣ ከዶክተሩ ጋር ደረቱን እየተጫንን ነበር።»

«ጆሮሽ የት ሄዶ?» ብሎ ወንድሙ ጮኸ።

መርማሪው ወደ እሱ ዞረ። «አንተስ? ከሟቹ ጋር ተኳርፋችኋል አሉ።»

«ብንኳረፍስ? የአንድ እናት ልጆች ነን! ኮሪደር ላይ ነበርኩ።»

እናትየው አልጋው ራስጌ፣ ከፓምፑ አንድ ክንድ በማይርቅ ወንበር ላይ፣ የልጃቸውን እጅ እንደያዙ ነው። መርማሪው ወንበሩን ለአፍታ አየና ሁሉንም አልጋው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ይህ ፓምፕ የተነካበትን ደቂቃ ሁሉ ይመዘግባል። ዛሬ ደወሉን በየሁለት ደቂቃው፣ ዘጠኝ ጊዜ ዝም አሰኝተውታል። ያኔ ነርሷና ዶክተሩ ማዶ እንደነበሩ የዚያኛው በሽተኛ መዝገብ ያሳያል። ወንድምየውም ከኮሪደር እንዳልገባ ጥበቃው መስክሯል። ደግሞስ ባለሙያ ቢሆን ሲሪንጁን ይቀይራል። ክፉ ሰው ቢሆን አንዴ አጥፍቶት ውልቅ ይላል። ዘጠኝ ጊዜ የሚጫን ሰው፣ የጩኸቱን ትርጉም የማያውቅና ከአልጋው አጠገብ ንቅንቅ የማይል ነው።»

የሁሉም አንገት ወደ ወንበሩ ዞረ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ሲቃዥ ከርሞ» አሉ እናትየው ቀስ ብለው፣ «ዛሬ ገና ዝም ብሎ ተኛልኝ። ያ ነገር እንዳይቀሰቅሰው ብዬ ነው። እንቅልፍ መስሎኝ… እንቅልፍ መስሎኝ…»

ወንድምየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«እናቴ፣ የቱን እንደሚጫኑ ማን አሳየዎት?» አለ መርማሪው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ነርሷ ቀና ብላ እናትየውን አየች።

«ማንም። ራሴው ነኝ» አሉ እናትየው።

ዶክተሩ በረጅሙ ተነፈሰ። ነርሷም ዝም ብትል ነገሩ እዚያው በተቀበረ ነበር። ግን እግሮቿ ወደ ፊት ወሰዷት።

«እኔን ሊያድኑ ነው። ትናንት በቱቦ ምግብ የሚሰጠው ፓምፕ ሲጮህ፣ ‹እማማ፣ ይቺን ጫን ያድርጓት፣ ዝም ትላለች› ያልኳቸው እኔ ነኝ። አምስት በሽተኛ ይዤ ለእያንዳንዱ ጩኸት መሮጥ ታክቶኝ። ሁሉም ፓምፖች ቁልፋቸው አንድ ዓይነት ነው።»

«ምነው ልጄ!» አሉ እናትየው። «እኔማ ያለቀልኝ ሰው ነኝ፣ ብሸከመውስ? አንቺ ገና ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

ነርሷ ብዕሩን ከመርማሪው እጅ ወስዳ ቃሏን ራሷ መጻፍ ጀመረች።